ክትትሉ ከእርግዝናው በፊት ይጀመር

በዛሬው ዓምዳችን የማወጋችሁ ሴት ከፀነሰች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አራት ሳምንታት ስለሚሆነው ነገር ነው። በእነዚያ ሳምንታት ብዙዎቹ እናቶች መፀነሳቸውን እንኳ አያውቁም። የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ግን በዚያው ጊዜ ተዘግቶ ያልቃል።

ነገሩን ካንዲት እናት ልጀምር። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ፤ ታሪኩን እንድጽፈው የፈቀደችልኝ ግን ራሷ ናት። ሰበታ ውስጥ ስሠራ ነው ያገኘኋት። ዕድሜዋ 23 ነው፤ የመጀመሪያ እርግዝናዋ ሲሆን አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ከአማቷ ጋር ነበር የመጣችው። ክትትል ጀምራለች፣ የሚሰጣትን ኪኒን አላቋረጠችም፣ ደሟም ጥሩ ነው። የአልትራሳውንድ ውጤቷ ግን የፅንሱ አከርካሪ ከታች በኩል እንዳልተዘጋና በጭንቅላቱ ውስጥ ውኃ መቋጠር እንደጀመረ ያሳያል።

ውጤቱን እንደነገርኳት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ቀጥላም «ዶክተር፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

አማቷ ቀደም ብለው መለሱላት። «ምች መትቷት ነው። ቀትር ላይ አትውጪ እያልኩ ስለምናት ነበር» አሉ።

«እማማ፣ ምች አይደለም። እሷም ያጠፋችው ነገር የለም» አልኳቸው። የእውነትም አላጠፋችም። ኪኒኑን በየቀኑ ወስዳለች። የጀመረችው ግን አራተኛ ወሯ ላይ ነው። ከዚያ በፊት መውሰድ እንዳለባት የነገራት ሰው አልነበረም።

28ኛው ቀን

ፅንስ ሲጀመር የሕፃኑ ጀርባ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ይህ ጠፍጣፋ ነገር መሐሉ ይጎደጉድና ሁለቱ ጠርዞቹ ወደ ላይ ተነስተው እየተጠጋጉ ይገጥማሉ፤ ቱቦ ይሆናል። የቱቦው የላይኛው ጫፍ አንጎል፣ የቀረው ደግሞ ኅብለ ሰረሰር ይሆናል። ይህ ሥራ ከተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ይጠናቀቃል። ቱቦው ከላይ በኩል ካልገጠመ የራስ ቅልና አንጎል በአግባቡ አይፈጠሩም፤ እንዲህ ያለ ሕፃን በሕይወት አይቆይም። ከታች በኩል ክፍት ከቀረ ደግሞ ስፓይና ቢፊዳ የሚባለው የአከርካሪ ክፍተት ይከሰታል። ሕፃኑ በሕይወት ይወለዳል፤ እግሮቹ ግን ሊዝሉ፣ ሽንቱንና ሰገራውን መቆጣጠር ሊያቅተው፣ ጭንቅላቱም ውኃ ሊቋጥር ይችላል።

እስቲ በኛው አቆጣጠር እናስላው። የአንዲት ሴት የመጨረሻ የወር አበባ ኅዳር 1 ቀን መጣ እንበል። በየ28 ቀኑ የሚመጣላት ከሆነ የምትፀንሰው ኅዳር 14 ቀን አካባቢ ነው። የወር አበባዋ ኅዳር 29 ቀን ሲጠበቅ ይቀራል። የፅንሱ ቱቦ ታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ ይዘጋል። ስለዚህ «ቀረብኝ» ብላ ከጠረጠረችበት ቀን አንሥቶ ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። መጋቢት መግቢያ ላይ አራት ወር ሞልቷት ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ፣ ቱቦው ተዘግቶም ይሁን ክፍት ቀርቶ፣ ጉዳዩ ካለቀ ሦስት ወር ሊሞላው ነው።

እኛ ዘንድ አብዛኞቹ እናቶች የሚመጡት ዘግይተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ በጤና ባለሙያ የታዩ ነፍሰ ጡሮች 62 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ክትትል የጀመሩት ግን 20 በመቶ ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አነስተኛ ዳሰሳ ቁጥሮቹ ወደ 74 እና ወደ 28 በመቶ ከፍ ብለዋል። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል። ሆኖም በሁለተኛው ወሯ የመጣች እናት እንኳ ለአከርካሪው ጉዳይ ዘግይታለች።

ምክንያቱን ከከተሞቹ ኑሮ አይቼዋለሁ። ሰበታ ላይ የፋብሪካ ሠራተኛዋ አንድ ቀን ከቀረች የቀን ሒሳቧ ይቆረጥባታል። ከቡራዩ የምትነሳዋ ነጋዴ ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ይዛ መርካቶ ትገባለች፤ ስትመለስ ጤና ጣቢያው ተዘግቷል። ሱሉልታ ላይ ከብት የምታልበዋና ወተት የምታደርሰዋ እናት ደግሞ ሆዷ ገፋ እስኪል ድረስ ለማንም አትናገርም። ዓይን ይበላኛል ብላ ትፈራለች፤ ቢጨነግፍብኝ ምን እባላለሁ ብላም ትሰጋለች። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ከሌላ አካባቢ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ባለትዳሮች በብዛት ይገኙባቸዋል። እናቷ ወይም አክስቷ አጠገቧ የሌሉ ሴት የምትጠይቀው ሰው የላትም።

ከቦምቤይ የጀመረ ጥናት

ቱቦው በትክክል እንዲገጥም ከሚያስፈልጉት ነገሮች ዋነኛው ፎሌት የተባለው የቫይታሚን ቢ ዓይነት ነው። በፋብሪካ ተሠርቶ በኪኒን መልክ ሲቀርብ ፎሊክ አሲድ ይባላል። ሴሎች በፍጥነት ሲባዙ ፎሌት በብዛት ይፈልጋሉ። በእነዚያ አራት ሳምንታት ደግሞ የፅንሱን ያህል በፍጥነት የሚባዛ ነገር የለም።

የዚህ ቫይታሚን ታሪክ የሚጀምረው ከድሃ ነፍሰ ጡሮች ነው። ሉሲ ዊልስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ሕንድ ሄዳ በቦምቤይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነፍሰ ጡር ሠራተኞች ላይ የሚታየውን ከባድ የደም ማነስ አጠናች። ከእርሾ የሚሠራ ርካሽ ምግብ ስትሰጣቸው ደማቸው ሲመለስ አየች፤ ግኝቷንም በ1931 ይፋ አደረገች። በእርሾው ውስጥ የነበረው ንጥረ ነገር ፎሌት መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ተመራማሪዎች ከስፒናች ቅጠል ለይተው አወጡትና በላቲን «ቅጠል» ከሚለው ቃል ስሙን ሰጡት።

ከአከርካሪ ክፍተት ጋር ያለው ግንኙነት የተረጋገጠው ዘግየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ7 አገሮች በሚገኙ 33 ማዕከላት ያካሄደውን ጥናት ውጤት አወጣ። በጥናቱ የተሳተፉት ቀደም ሲል ይህ ችግር ያለበት ፅንስ የገጠማቸው እናቶች ነበሩ። ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ በወሰዱት ዘንድ ችግሩ ዳግም የመከሰት ዕድሉ በ72 በመቶ ቀነሰ። ጥቅሙ ገና በመሐሉ ግልጽ ስለሆነ ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ በፊት እንዲቆም ተደረገ። ጥቅሙን እያወቁ ለግማሾቹ እናቶች መከልከል ተገቢ አይሆንም ነበርና።

በቀጣዩ ዓመት ከሐንጋሪ የወጣው ጥናት ደግሞ ከዚህ በፊት ምንም ችግር ያልገጠማቸውን እናቶች ይመለከታል። ፎሊክ አሲድ ያለበትን ቫይታሚን ከወሰዱት መካከል የአከርካሪ ክፍተት ያለበት ፅንስ አንድም አልተገኘም፤ ካልወሰዱት ዘንድ 6 ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውና ወደ 250 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ያካተተው የቻይና ጥናት በቀን 400 ማይክሮግራም ብቻ መውሰድ እንደሚበቃ አሳየ። ችግሩ በብዛት በሚታይበት በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል፣ ከመፀነሳቸው በፊት የጀመሩት እናቶች ሥጋት በ79 በመቶ ቀንሷል።

የሦስቱም ጥናቶች መልእክት አንድ ነው። ፎሊክ አሲድ የሚጠቅመው ሲፀነስ በእናትየዋ ደም ውስጥ ከተገኘ ነው።

ሽሮና ጎመን እየበላን እንዴት?

ይህ ችግር በአገራችን ከብዙ አገሮች በላይ ይታያል። በአዲስ አበባ ሁለት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በሦስት ዓመት ውስጥ የተመዘገቡ ወደ 29 ሺህ የሚጠጉ ወሊዶች ሲመረመሩ፣ ከ10 ሺህ ወሊድ 61 ያህሉ ይህ ችግር ነበረባቸው። በትግራይ ሆስፒታሎች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ከ10 ሺህ ወሊድ 131 መሆኑን አመልክቷል። ሁለቱም በሆስፒታል የተወለዱትን ብቻ የቆጠሩ ናቸው። ቢሆንም ጉዳዩ ቀላል አለመሆኑን ይናገራሉ።

ብዙዎች ይገርማቸዋል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ጎመን፣ ቆስጣ ሁሉም ፎሌት አላቸው፤ የጾም ምግባችን ራሱ በእነሱ የተሞላ ነው። ታዲያ እጥረቱ ከየት መጣ? አንደኛው ምክንያት አዘገጃጀታችን ነው። ፎሌት ሙቀት አይችልም፤ በውኃም ይሟሟል። ጎመኑን ለረጅም ሰዓት ቀቅለን ውኃውን ስንደፋው ፎሌቱን አብረን ደፋነው ማለት ነው። ሽሮውም እሳት ላይ ሲንተከተክ ይውላል። ሁለተኛው መጠኑ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ እንጀራው ብዙ፣ ወጡ ጥቂት ነው። ለእናትየው የሚደርሳት ደግሞ ሁሉም ከበሉ በኋላ የተረፈው ነው። ሦስተኛው ተደጋጋሚ እርግዝናና ጡት ማጥባት ነው፤ የእናትየዋ ክምችት ሳይሞላ ሌላ ፅንስ ይመጣል።

ስለዚህ ጎመኑን አጠር ላለ ጊዜ አብስሉት፤ ውኃውንም አትድፉት። ብርቱካንና አቮካዶ ባገኛችሁ ጊዜ ብሉ። ነገር ግን ለመውለድ ያሰበች ሴት በምግብ ብቻ አትተማመን፤ ኪኒኑ ያስፈልጋታል።

መንግሥታት ይህን የሚፈቱበት ሌላም መንገድ አለ፤ ሁሉም የሚበላውን ምግብ ማበልጸግ። አሜሪካ ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ በዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር አስገድዳለች። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ጸድቋል። የዓለም የጤና ጉባኤ በ2023 አገሮች ምግብን በፎሊክ አሲድና በሌሎች ንጥረ ነገሮች እንዲያበለጽጉ የሚያሳስብ ውሳኔ አሳልፏል። ሆኖም የኛ ዋና ምግብ ከሰፈር ወፍጮ ቤት የሚፈጨው ጤፍ ነው። የፋብሪካ ዱቄት ወደ እያንዳንዱ ማእድ እስኪደርስ ድረስ ኪኒኑን መጠበቂያ ማድረግ የኛ ድርሻ ነው።

መቼ፣ ምን ያህል፣ ከየት?

*መቼ?* ቢያንስ ከመፀነሳችሁ አንድ ወር በፊት፤ ሦስት ወር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት ድረስ ቀጥሉ። ከዚያ በኋላ አይረንና ፎሊክ አሲድ አንድ ላይ የያዘውን ኪኒን እስከ ወሊድ ትወስዳላችሁ። ሳታቅዱ ከፀነሳችሁ በተረዳችሁበት ዕለት ጀምሩ፤ አንድ ቀንም ዋጋ አለው።

*ምን ያህል?* ለአብዛኞቹ ሴቶች በቀን 400 ማይክሮግራም ይበቃል። ከዚህ በፊት የአከርካሪ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች ወይም እንዲህ ያለ ፅንስ ያጣች እናት አሥር እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መጠን ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ያዝላታል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ በተለይ ቫልፕሮኤት የምትወስዱ፣ እንዲሁም የስኳር ሕመም ያለባችሁ ሴቶች ከመፀነሳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። መድኃኒታችሁን በራሳችሁ ውሳኔ ግን አታቁሙ፤ ማቆሙ ለሕይወት ያሰጋል።

*ከየት?* ለነፍሰ ጡሮች የሚሆነው አይረን ከፎሊክ አሲድ ጋር በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይሰጣል። ከእርግዝና በፊት የሚሆነውን ደግሞ ባለሙያ ጠይቃችሁ ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ ማግኘት ትችላላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ። በክንዳችሁ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ ለማስወጣት፣ ሉፑን ለማስነሳት ወይም መርፌውን ለማቆም ወደ ጤና ጣቢያ በሄዳችሁበት ቀን፣ ከመውጣታችሁ በፊት «ፎሊክ አሲድ ልጀምር ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለሙያው ባያነሳው እናንተ አንሱት።

ለተጫጩ ጥንዶችም እንዲሁ። ከሠርግ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረግ በአገራችን የተለመደ መልካም ነገር ነው። በዚያው ዕለት የደም ዓይነት ይታይ፤ አርኤች ኔጋቲቭ የሆነች ሴት አስቀድማ ካወቀች፣ ብዙ እናቶች «ሾተላይ» እያሉ የሚጠሩትን የሕፃናት ሞት በመርፌ መከላከል ይቻላል። ፎሊክ አሲዱም በዚያው ይጀመር። ለጥር ሠርግ ልብስና ድንኳን ከመስከረም ጀምሮ የሚታሰብ ከሆነ፣ ኪኒኑ በዝርዝሩ ውስጥ ቢገባ ወጪው ከሁሉም ያነሰ ነው።

ስለ ኪኒኑ የሚወራውንም ላንሳ። «ሕፃኑን ያገዝፈውና ምጡ ይከብዳል» የሚባለው እውነት አይደለም። አይረን ያለበት ኪኒን ሰገራን ያጠቁራል፤ ይህ ጉዳት አይደለም። ካቅለሸለሻችሁ ምግብ በልታችሁ ማታ ውሰዱት። ቡናና ሻይ አይረኑ በደም እንዳይገባ ስለሚከለክሉ፣ ኪኒኑን ከቡና ሰዓት ለይታችሁ በውኃ ዋጡት። በእርግዝና ጊዜ ጠላም ሆነ ጠጅ፣ አረቄም ሆነ ቢራ፣ «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም።

ባሎችም ይህን አንብቡ። ችግር ያለበት ልጅ ሲወለድ እናትየዋ ብቻዋን ትወቀሳለች፤ እንዲያውም ትዳር የሚፈርስባቸው አሉ። የምችም፣ የግርዶሽም፣ የእርግማንም ውጤት አይደለም። መንስኤው የንጥረ ነገር እጥረት፣ የዘር ተጋላጭነትና ሌሎችም ነገሮች ተደራርበው ነው። ኪኒኑን በትክክል በወሰደች እናትም ላይ አልፎ አልፎ ሊከሰት ይችላል። የእናንተ ድርሻ ኪኒኑን ገዝቶ መምጣትና «ዛሬ ዋጥሽ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ሕፃኑ ተወልዶ ከሆነ

ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ መታየት ይመከራል። ክፍተቱ አስቀድሞ ከታወቀ ወሊዱ ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል እንዲሆን ይታቀዳል። ሳይታወቅ ቀርቶ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍት ቁስል ወይም እንደ ፊኛ ያበጠ ነገር ይዞ ከተወለደ፣ በጀርባው አታስተኙት፤ በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛ። ቁስሉ በጨው ውኃ መድኃኒት በራሰ ንጹሕ ፋሻ ይሸፈን። ቅቤ፣ ቅጠልም ሆነ ዱቄት አትቀቡት፤ እብጠቱንም አትብጡት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ክፍተቱ ከተወለደ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ቢዘጋ የኢንፌክሽን ሥጋቱ ይቀንሳል። በጥቁር አንበሳና በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታሎች የሕፃናት የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ይሰጣል።

ከሕክምናው በኋላ የእነዚህ ልጆች አእምሮ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የሽንት አያያዝ ለወላጅ ይሰለጥናል፤ ድጋፍ ያገኙት ትምህርት ቤት ይገባሉ። ከጓዳ መደበቅ ግን ሁሉንም ያስቀራቸዋል።

ወደ ሰበታዋ እናት ልመለስ። ሴት ልጅ ወለደች። የሕፃኗ ጀርባ በሦስተኛው ቀን ተዘጋ፤ ውኃውንም ከጭንቅላቷ የሚያስወግድ ቱቦ ገባላት። አሁን ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። እግሮቿ ደካማ ናቸው፤ አፏን ግን ከእኩዮቿ ቀድማ ፈታለች። ምች ነው ያሉት አያቷ አዝለዋት ሕክምና ይመላለሳሉ።

ከአራት ወር በፊት እናትየዋ ብቻዋን መጣች። «ዶክተር፣ ሁለተኛ ልጅ አስበናል። መከላከያውን ግን ገና አላስወጣሁም፤ በፊት ልጠይቅህ ብዬ ነው» አለችኝ። በሙያዬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከስንት አንዴ ነው የሰማሁት። ለእሷ የሚገባውን ከፍ ያለ መጠን አዘዝኩላት። ባሏ በስልኩ ላይ የማታ ማስታወሻ ሞልቶላታል። መከላከያውን ከሦስት ወር በኋላ አስወጣች። እስካሁን አልፀነሰችም። ኪኒኑን ግን አንድም ቀን አላሳለፈችም።

እናንተም ልጅ ለመውለድ ያሰባችሁ፣ ወይም ያሰበች እህት፣ ልጅ፣ ጎረቤት ያላችሁ፣ የወር አበባው እስኪቀር አትጠብቁ። ዛሬውኑ ጠይቁ፤ ዛሬውኑ ንገሯት።